ከአዳማ ጣሪያ ላይ ሩቅ አገር ለማናገር፦ የትኛው አንቴና፣ የትኛው ባንድ፣ የትኛው ኪት?

አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም በራስ ጣቢያ በአየር ላይ ከሌሎች ጋር መገናኘትን፣ ልጀምር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከጣሪያው ይጀምር ባይ ነኝ። ሽቦ ምን ያህል ከፍታ ላይ መስቀል ትችላላችሁ? የዚህ መልስ ባንዱን፣ ማለትም የምትናገሩበትን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ይወስናል። ባንዱ ደግሞ ኪቱን፣ ማለትም ራሳችሁ የምትገጣጥሙትን ሬዲዮ፣ ይወስናል። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ በ5 ዋት አውሮፓም ጃፓንም መሰማት ይቻላል። ከሬዲዮው ከጀመራችሁ ግን ብዙ ገንዘብ አውጥታችሁ ጎረቤት አገር ላይ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

የምጽፈው አዳማ ውስጥ ተራ ግቢ ላለው ሰው ነው። ፎቅ የሌለው የቆርቆሮ ቤት፣ ትንሽ ጓሮ፣ ብዙ ነፋስ። ኤሌክትሮኒክስ የሚማር፣ ሞባይል የሚጠግን ወይም እጁ ሥራ የሚወድ ማንም ሰው ሊከተለው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ። የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይቻልም። ኪት ማስላክ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስያዝ ብታስቡም፣ ዕቃው አስተላላፊ ስለሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። በኋላ ጉምሩክ ላይ ከመንገላታት ይሻላል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ይገኛል። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ልምድ ያለው ሰው ሲያናግር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየትን የሚተካ ነገር የለም። እስከዚያው ጆሮን ማሠልጠን ይቻላል፦ የኔዘርላንዱ ትዌንተ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚደመጥ መቀበያ አለው። ስልክ ብቻ ይበቃል።

አንድ ትልቅ ዕድል ደግሞ አለን። በኢቲ የሚጀምር የጥሪ ስም፣ ማለትም የኢትዮጵያ ጣቢያ መለያ፣ አየር ላይ ብርቅ ነው። ጀርመን ያለ ጀማሪ በ5 ዋት ሲጠራ ከብዙ ሺህ ሰው አንዱ ነው። ከአዳማ የሚጠራ ግን ይፈለጋል፤ ደካማ ሲግናሉን ጆሮ ሰጥተው የሚያድኑት ሞልተዋል። ስለዚህ የዋት ጉዳይ እኛን ያን ያህል አያሳስበንም። ከ5 ወደ 100 ዋት ማደግ 13 ዴሲቤል (የኃይል ልዩነት መለኪያ) ነው። በተቀባዩ የሲግናል መለኪያ ላይ ሁለት ነጥብ ከትንሽ ማለት ነው። ጥሩ ቦታ ላይ የተሰቀለ ሽቦ ያን ያህል ልዩነት በርካሽ ሊያመጣ ይችላል።

ምሰሶው ባንዱን ይመርጣል

ዳይፖል ማለት መሃሉ ተቆርጦ በኬብል የሚመገብ ሽቦ ነው። አጠቃላይ ርዝመቱን ለማግኘት 143ን ለምትናገሩበት ፍሪኩዌንሲ በሜጋኸርዝ ማካፈል ነው። ባንዶቹ የሚጠሩት በሞገዳቸው ርዝመት ነው። ለ40 ሜትር ባንድ 20 ሜትር ሽቦ፣ ለ20 ሜትር ባንድ 10 ሜትር፣ ለ15 ሜትር ባንድ ወደ 6.8 ሜትር፣ ለ10 ሜትር ባንድ 5 ሜትር ይወጣል። ላስቲክ የለበሰ ሽቦ ትንሽ ማጠር አለበት። ቢሆንም መጀመሪያ አስረዝማችሁ ቁረጡና እየለካችሁ አሳጥሩ።

ዋናው ነገር ከፍታው ነው። ዳይፖሉ የተሰቀለበት ከፍታ የሞገዱ ሩብ ብቻ ከሆነ አብዛኛው ጉልበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል። ለሩቅ አገር ይህ ብክነት ነው። ከፍታው የሞገዱን ግማሽ ሲያክል ግን ዋናው ጉልበት ከአድማስ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሩቅ የሚያደርሰው እንዲህ ዝቅ ብሎ የሚወጣው ሞገድ ነው።

አሁን ቁጥሩን ወደ ግቢያችሁ አምጡት። ለ20 ሜትር ባንድ የሞገድ ግማሽ 10 ሜትር ከፍታ ነው። ለ15 ሜትር ባንድ 7 ሜትር። ለ10 ሜትር ባንድ 5 ሜትር ብቻ። አዳማ ላይ 10 ሜትር ምሰሶ ማቆም ቀላል አይደለም። ነፋሱን ታውቁታላችሁ። ከከተማው ባሻገር ኮረብታው ላይ የሚታዩት ተርባይኖች፣ የአዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋትና የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስት ወይም ሰባት ሜትር የባሕር ዛፍ አጠና ግን ከግንባታ ዕንጨት ሻጭ ተገዝቶ፣ በሦስት ገመድ ተወጥሮ ይቆማል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። 5 ወይም 6 ሜትር ላይ መስቀል ከቻላችሁ 10 ሜትር ባንድን ያዙ። ወደ 7 ሜትር ከደረሳችሁ 15ን። 20 ሜትር ባንድ ጥሩ የሚሆነው ፎቅ ቤት ወይም ረጅም ዛፍ ላለው ነው። 40 ሜትር ባንድ ለሩቅ አገር የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን። ቀን ቀን ሩቅ አይሄድም፤ ክረምት ላይ ደግሞ የመብረቁ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ዝቅ ብሎ የተሰቀለ የ40 ሜትር ዳይፖል የሚያምረው አዲስ አበባንና ሐዋሳን ለማናገር ነው።

የላይኞቹን ባንዶች የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። አዳማ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። በዚህ ቀጠና አዮኖስፌር፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲን የመመለስ አቅሙ ጠንካራ ነው። አውሮፓውያን 10 ሜትር ባንድ ተዘጋ ብለው ሲተዉት እኛ ጋ ገና ሕይወት ሊኖረው ይችላል። አንድ ነገር ግን አስቡበት። አዮኖስፌርን የምታበረታው ፀሐይ ናት፤ እሷ ራሷ የምትበረታበትና የምትዳከምበት ዑደት ወደ 11 ዓመት ይፈጃል። አሁን ያለንበት 25ኛው ዑደት በፈረንጆች ታኅሣሥ 2019 ጀምሮ በ2024 ገደማ ጫፉ ላይ ደርሷል። ከጫፍ በኋላ መጀመሪያ የሚዳከመው 10 ሜትር ነው። ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል አንድ ባንድ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ 15 ሜትርን እላለሁ።

ዳይፖል፣ አንድ ጫፍ ወይስ ቀጥ ያለ

ከዳይፖል ሌላ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በአንድ ጫፉ የሚመገበው 20 ሜትር ሽቦ ነው። ጫፉ ላይ ሽቦውን ከኬብሉ ጋር የሚያስማማ አንድ ለ49 ትራንስፎርመር ይጠመጠምለታል። በአንድ ሽቦ 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር ባንዶችን ይሠራል። አንድ ምሰሶ ብቻ ላለው ምቹ ነው። ችግሩ ኬብሉ ራሱ የአንቴናው አካል እየሆነ የቤቱን ጩኸት ሁሉ ይዞ መግባቱ ነው። የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር ኢንቨርተር፣ ሁሉም ይጮኻል። መብራት ሲጠፋ ባንዱ እንዴት ጸጥ እንደሚል ስትሰሙ ነገሩ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ቀጥ ብሎ የሚቆመው አንቴና ነው። ለ15 ሜትር ባንድ ቁመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ጉልበቱም ዝቅ ብሎ ይወጣል። ከሥሩ ግን እንደ መሬት የሚያገለግል ብዙ ሽቦ ይፈልጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ቆርቆሮዎቹ እርስ በርስ በደንብ መነካካት አለባቸው። ዝገት የያዘው ጣሪያ ከጥቅሙ ጩኸቱ ይብሳል። አዲስ ቆርቆሮ ካላችሁ ሞክሩት።

ለጀማሪ ግን ዳይፖልን የሚያህል የለም። ርካሽ ነው፣ ይለካል፣ ችግሩም በዓይን ይታያል። አቅጣጫውንም አስቡበት። ከአዳማ ለንደን ወደ 331 ዲግሪ፣ ኒውዮርክ ወደ 315 ዲግሪ ናቸው። ሁለቱም ሰሜን ምዕራብ ማለት ነው። ዳይፖል በጎኑ ስለሚጮህ ሽቦውን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘርጉት። ቶኪዮ በ53 ዲግሪ በኩል ስለሆነች የሽቦው ጫፍ ላይ ትወድቃለች፤ እሷን የምትፈልጉ ከሆነ አዙሩት።

ዕቃው ሁሉ ከተማው ውስጥ አለ። ሽቦው 1.5 ወይም 2.5 የቤት ሽቦ ይሁን። ማግለያው የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ። ለነፋሱ ደግሞ አንዱን ጫፍ አጠናው ላይ አታስሩት። ገመዱን በትንሽ ፑሊ አሳልፋችሁ ሌላኛው ጫፉ ላይ አሸዋ የሞላ ትንሽ ጀሪካን አንጠልጥሉ። ነፋሱ ሽቦውን ሲገፋው ጀሪካኑ ከፍ ይላል፣ ሲተወው ይወርዳል። ሽቦው አይበጠስም።

ኬብልም ቢሆን ከውጭ ማስመጣት ግድ አይደለም። የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው፤ ዳይፖል ደግሞ ለዚያ ቅርብ ነው። ብክነቱም ዝቅተኛ ነው። የሚያስቸግረው ውጪኛው መረቡ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ በሊድ አለመበየዱ ነው። በብሎን ማጥበቅ ወይም ራሱ የዲሹን ጃክ መጠቀም ነው። ከዚያ መገጣጠሚያውን ከዝናብ በደንብ ሸፍኑት።

ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ሽቦውም አጠናውም ቢወድቁ የመንገዱን የመብራት መስመር የማይነኩበት ቦታ ይሁኑ። ደመና ሲጠቁርም ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ወደ ውጭ አውጡት።

በድምፅ፣ በሞርስ ወይስ በኤፍቲ8?

በድምፅ ማናገር ደስ ይላል። ሰውየውን ትሰሙታላችሁ፣ ልጆችም ይገባቸዋል። ግን ጉልበቱ ወደ 2.5 ኪሎኸርዝ ስፋት ላይ ይበተናል። በ5 ዋት ድምፅ የሚሆነው ባንዱ ሲያምር ብቻ ነው።

ሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መላክ፣ ጉልበቱን ጠባብ ቦታ ላይ ይሰበስባል። ኮምፒውተር አይፈልግም። ኪቶቹም ቀላል ናቸው። ዋጋው የእናንተ ትዕግሥት ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየሰሙ ወራት መልመድ። ነጥብና ሰረዝ እየቆጠራችሁ አትማሩት፤ እያንዳንዱን ፊደል ከመጀመሪያው በፈጣኑ ድምፁ ልመዱት።

ኤፍቲ8 ኮምፒውተር በሬዲዮ አጫጭር መልእክት የሚለዋወጥበት ዘዴ ነው፤ በፈረንጆች 2017 የወጣ። የሠሩት ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ ናቸው። ቴይለር በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው። ኮምፒውተሩ በ15 ሰከንድ ዙር ይልካል፣ ይቀበላል። ስፋቱ 50 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ጆሮ ጨርሶ የማይሰማውን ሲግናል ያነባል። ሁለት ነገር ይፈልጋል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከአንድ ሰከንድ በላይ መሳት የለበትም። አድራሻም ትጽፋላችሁ፤ አዳማ በዓለም አቀፉ የካርታ አከፋፈል ኬጄ98 ናት። «ወግ የለበትም» ብለው የሚንቁት አሉ። እውነት ነው፣ የሚለዋወጠው የጥሪ ስም፣ ቦታና የሲግናል መጠን ብቻ ነው። ግን አንቴናችሁ የት እንደሚደርስ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። በዚህ ጀምራችሁ ጎን ለጎን ሞርስ ተማሩ ነው ምክሬ።

ሰዓቱንም ምረጡ። ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ነግቷል፤ አውሮፓም ቀን ነው። ከዚያ እስከ ምሽት ድረስ ያለው ጊዜ ለላይኞቹ ባንዶች ወርቅ ነው። ጃፓንን ጠዋት ፈልጓት። መዝገብ የሚያዘው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ጨምሩ። ከቀኑ 9 ሰዓት 12፡00 ይሆናል። ለምሽት ሰዓት ደግሞ 15 ጨምሩ።

ኪት ወይስ ዝግጁ ሬዲዮ?

ዝግጁውን ልለፈው፣ ምክንያቱም ምርጫው አጭር ነው። አይኮም አይሲ-7300 100 ዋት ይሰጣል፤ ሲያስተላልፍ እስከ 21 አምፔር ይበላል። ሺጉ ጂ90 20 ዋት ነው፤ የአንቴና ማስተካከያ አብሮት ስላለ ላልተስተካከለ ሽቦ ይጠቅማል። ድምፅን አጥብቆ የሚፈልግ፣ መበየድ የማይወድ፣ ገንዘቡም ያለው ሰው ጂ90ን ይውሰድ። ሌሎቻችን ወደ ኪት።

በጣም ርካሹ ፒክሲ ነው። ሞርስ ብቻ፣ ከአንድ ዋት በታች፣ አብዛኛውን ጊዜ 7.023 ሜጋኸርዝ ላይ የታሰረ። መቀበያው ከ7.2 በላይ ያሉትን የዜና ጣቢያዎች ሁሉ ይዞ ይገባል። ለመበየድ ልምምድ ግዙት፣ ሩቅ አገር አትጠብቁበት።

ዩቢትክስ የሕንዱ አሽሃር ፋርሃን ሥራ ነው። ቦርዱ ተበይዶ ይመጣል፤ የእናንተ ሥራ ቁልፎቹን፣ ማይኩንና ሳጥኑን መሥራት ነው። ድምፅና ሞርስ ይሠራል፤ በታችኞቹ ባንዶች ወደ 10 ዋት ይሰጣል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ይቀንሳል። እኔ የመረጥኩት የላይኞቹን ባንዶች ስለሆነ ይህ ቅናሽ ይከብደኛል።

ኪውአርፒ ላብስ የሚባለው ኪት ሠሪ ሁለት ኪቶች ናቸው በቁም ነገር የሚነጻጸሩት። ኪውሲኤክስ-ሚኒ ሞርስ ብቻ ነው፤ ስታዙ የምትመርጡት አንድ ባንድ ላይ ይሠራል። ለማስተካከል የሚያስፈልገው መለኪያ በውስጡ አለ። ሞርስ ለቆረጠ ሰው ንጹሕና አስደሳች ሥራ ነው። ኪውኤምኤክስ ደግሞ ሞርስም ኤፍቲ8ም ይሠራል፣ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ይገናኛል፣ ድምፅም በኋላ በሶፍትዌር ማሻሻያ ተጨምሮለታል። ኃይሉ 5 ዋት ገደማ፣ ዋጋው ወደ 100 ዶላር። ምርጫዬ እሱ ነው። ግን ስታዙ ተጠንቀቁ፦ የታችኛው ዓይነት ከ80 እስከ 20 ሜትር፣ የላይኛው ከ20 እስከ 10 ሜትር ነው። አጠናችሁ 6 ሜትር ሆኖ የታችኛውን ካዘዛችሁ ኪቱና አንቴናው አይገናኙም። ምሰሶው ይቅደም ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥቃቅኖቹ ቺፖች ተበይደው ይመጣሉ። የሚቀረው ዋና ሥራ በትንንሽ የማዕድን ቀለበቶች ላይ ሽቦ መጠምጠም ነው። ሽቦው በቀለበቱ ቀዳዳ ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ነው፤ መጀመሪያ ሲገባም ይቆጠራል። አንድ ዙር የጎደለ ማጣሪያ ኃይላችሁን ይበላል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለበቶችን አታቀላቅሉ፤ ቀለሙ የማዕድኑን ዓይነት ይናገራል። ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ መዳብ ነው፤ ሞተር ጠምጣሚዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ቫርኒሹ ካልተነሣ ሊዱ ከላይ ያበራል እንጂ አይነካም። ካውያውን አሙቁ፣ ጫፉ ላይ የሊድ ጠብታ ያዙ፣ ሽቦውን ጠብታው ውስጥ አቆዩት። ጭስ ብሎ፣ ፈልቶ፣ ከዚያ መዳቡ ብር ይመስላል። ከበየዳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ጥምጥም በመልቲሜትር ለኩ። ኪቱ ዝም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ካውያና ጥሩ ሊድ ሞባይል ጥገና ቤቶች አካባቢ ታገኛላችሁ።

የባትሪው ነገር

ኪውኤምኤክስ ሲገጣጠም ለ9 ቮልት ወይም ለ12 ቮልት ተብሎ ነው፤ ልዩነቱ የመጨረሻው ትራንስፎርመር ጥምጥም ላይ ነው። ለ12 የተሠራውን ከሶላር ባትሪ ጋር በቀጥታ አታገናኙት። ባትሪው ሲሞላ እስከ 14.4 ቮልት ይወጣል። ማጉያው ላይ ያሉት ቢኤስ170 የሚባሉት ትንንሽ ትራንዚስተሮች ያኔ ይቃጠላሉ። መፍትሔው ሦስት ባለ 3 አምፔር ዳዮድ በተከታታይ መግጠም ነው፤ ወደ 2 ቮልት ይቀንሳሉ። ከገበያ የሚገዛው ትንሹ የቮልት መቀነሻ ቦርድም ይሠራል፣ ግን ራሱ ሬዲዮው ውስጥ ይጮኻል። ዳዮድ ዝምተኛ ነው። ሲያስተላልፍ አንድ አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ማታ ሙሉ ያጫውታችኋል።

ማረጋገጫውስ?

ካናገራችሁ በኋላ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ከኢቲ ጣቢያ ደግሞ በብዛት ይጠየቃል። የ100 አገሮች ሽልማት የሚያሳድድ ሰው ኢትዮጵያን የሚቆጥረው ከእናንተ ማረጋገጫ ሲያገኝ ነው። የወረቀት ካርድ ያምራል፤ ማሳተሚያና የፖስታ ወጪ ግን ቶሎ ይከማቻል። የአሜሪካ አማተር ሬዲዮ ማኅበር በኢንተርኔት የሚሰጠው የመዝገብ ማረጋገጫ በነጻ ነው፤ ለመመዝገብ የፈቃዳችሁን ቅጂ ይጠይቃል። በኢንተርኔቱ ጀምሩ። ካርዱን ደግሞ የመልሱን የፖስታ ወጪ ራሳቸው ሸፍነው ለሚጠይቁ አስቀሩት።